ለጥንቸል፣ ለጊኒ ፒግ እና ለሀምስተር የቱ መክሰስ ይሻላል? ለሰሜን ሸዋ ቤቶች የንጽጽር መመሪያ

በደብረ ብርሃን ሰፈሮች ጥንቸል ያለበት ግቢ ማግኘት አይከብድም። ብዙ ጊዜ የልጆች ናት። ስም ይወጣላታል፣ ትዳበሳለች፣ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ነገር ይቀርብላታል። ግራ የሚያጋባው ያ አንድ ነገር ምን ይሁን የሚለው ነው። አንዱ ካሮት ይላል። ሌላው ከቁርሱ ዳቦ ይቆርስላታል። የደብረ ሲና ቆሎ ቤት ውስጥ ካለ ከእሱም ይዘገንላታል። አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ዘመድ ደግሞ ባለ ቀለም ፓኬት ይዞላት ይመጣል።

ሁሉም በፍቅር ነው የሚሰጠው። ጥንቸሏም ሁሉንም ትበላለች። ችግሩም ይሄ ነው። ጣፋጭ ወይም ዱቄት ነገር ካገኘች የሚጎዳትን ለይታ አትተውም፤ እንዲያውም ሣሯን ትታ እሱን ትጠብቃለች። ስለዚህ መምረጥ ያለብን እኛ ነን።

የእኔን አቋም ከመጀመሪያው ልናገር። በሰሜን ሸዋ ለጥንቸልና ለጊኒ ፒግ ከሁሉ የሚሻለው መክሰስ በነጻ ወይም በጥቂት ብር የሚገኝ ነው። እጃችን ቶሎ የሚሄድበት ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝና ፓኬት ደግሞ በአብዛኛው ጉዳቱ ያመዝናል። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ ሆዳቸውን እንወቅ

ጊኒ ፒግና ሀምስተር በእኛ አካባቢ ገና ብዙም አልተለመዱም። ጊኒ ፒግ ጭራ የሌላት፣ ድብልብል ያለች፣ ስትራብ የምትጮህ እንስሳ ናት። ሀምስተር ከአይጥ ብዙም አይበልጥም፤ ቀን ተኝቶ ማታ ይነቃል፣ ምግቡንም ጉንጩ ውስጥ ያጭቃል። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ጎጆ ስለሚቀመጡ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይሰጣቸዋል። ሆዳቸው ግን አንድ አይደለም።

ጥንቸልና ጊኒ ፒግ ሣር በል ናቸው። ትልቁ አንጀታቸው አጠገብ ሰፊ ከረጢት አለ። እዚያ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን የሣሩን ፋይበር (ቃጫውን) እያብላሉ ይመግቧቸዋል። ስኳር ወይም ስታርች (ዳቦና እህል ውስጥ የሚበዛው ዱቄታማ ነገር) በብዛት ሲገባ መጥፎዎቹ ተሕዋስያን ይበዛሉ፣ ጋዝ ይፈጠራል፣ አንጀት ይዘገያል። ጥንቸል ደግሞ ማስታወክ አትችልም። የገባው ሁሉ በዚያው መንገድ ማለፍ አለበት።

ጥርሳቸውም ማደግ አያቆምም። የጥንቸል የፊት ጥርስ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። የሚሞርደው ቀኑን ሙሉ ሣር ማኘክ ነው። ከምግባቸው ከ80 በመቶ በላይ ሣር ወይም የሣር ድርቆሽ መሆን አለበት የሚባለው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው። መክሰስ የሚገባው በመጨረሻዋ ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ኪሎ ለምትመዝን ጥንቸል ጣፋጭ ነገር በቀን ከሁለት የሻይ ማንኪያ አይለፍ።

ሀምስተር የተለየ ነው። እህል፣ ዘር፣ አትክልት፣ ትንሽ ፕሮቲንም ይበላል። ለጥንቸል የከለከልነው አንዳንዱ ለእሱ ይሆናል። መጠኑ ግን እጅግ ያንሳል።

በምን እንመዝን?

ማንኛውንም መክሰስ ከመስጠታችሁ በፊት አምስት ጥያቄ ጠይቁ። ፋይበር አለው ወይ? ስኳሩና ስታርቹ ምን ያህል ነው? ጥርስ ያሠራል ወይ? መርዝ፣ ሻጋታ ወይም የተረጨ ኬሚካል ያሰጋል ወይ? በመጨረሻም፣ ዓመቱን ሙሉ በአቅማችን ይገኛል ወይ?

ለጥንቸልና ለጊኒ ፒግ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሌሎቹ ይከብዳሉ። እነሱን ያላለፈ ነገር ሌላው ቢያምርም ይቅር። ለጊኒ ፒግ ስድስተኛ ጥያቄ አለ፤ ቫይታሚን ሲ። እንደ ሰው ሁሉ ሰውነቷ ራሱ አይሠራውም፣ በየቀኑ ከምግብ ማግኘት አለባት። ስለዚህ ለእሷ መክሰስ መምረጥ ከጤናዋ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ሣርና የመስክ ቅጠል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአካባቢያችን ሀብት ይሄ ነውና። ከክረምት እስከ ጥቅምት ደጋው አረንጓዴ ነው። ለጋ ሣር፣ ለከብት የሚዘራው የአጃ ቅጠል፣ በእርሻው ዳር የሚበቅለው ሲናር፣ በመስከረም መስኩን የሚሞላው ማገጥ፣ ሁሉም አለ። ለጥንቸል አንድ እፍኝ ለጋ የአጃ ቅጠል ስጧትና ተመልከቱ። ከጫፉ ትይዘውና መንጋጋዋን ወደ ጎን እያንቀሳቀሰች እስከ ሥሩ ትጎትተዋለች። ጥርስ የሚሞርደው ይሄ የጎን እንቅስቃሴ ነው። ዳቦ ስትበላ አይታይም።

ሣር ምርጥ ነው ማለት ግን ያገኘነውን ሁሉ እናጭዳለን ማለት አይደለም። ማገጥ ሆድ ስለሚነፋ በእፍኝ ሳይሆን በቁንጥር ከሣር ጋር ተቀላቅሎ ይሰጥ። ተቆልሎ የዋለና መሞቅ የጀመረ እርጥብ ሣር ሆድ ውስጥ ይፈላልና አትስጡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ የመታውን ሣር ፀሐይ ወጥቶ ውርጩ እስኪቀልጥና እስኪደርቅ ጠብቁ። የገብስ ዛላ ከሆነ ሻካራው ጫፍ አፍና ዓይን ይወጋል፤ ቅጠሉን ብቻ ውሰዱ።

ከሁሉ በላይ ግን የአረም መድኃኒት ተጠንቀቁ። በሐምሌና በነሐሴ በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ ቱፎርዲ ይረጫል። ከእርሻ ዳር የምታጭዱ ከሆነ ባለ ማሳውን ጠይቁ። ከመኪና መንገድ ዳርና ውሾች ከሚውሉበት ቦታም አትሰብስቡ።

በበጋ ሣሩ ሲጠፋ ጥሩ የሣር ድርቆሽ ይተካዋል። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ደስ የሚል ሽታ አለው፣ ሲያራግፉት አቧራ አያጨስም። የሻገተውን ለማንም አትስጡ። የጤፍና የገብስ ጭድ ለመኝታ ጥሩ ነው፤ እንደ ምግብ ግን ደካማ ነው።

ጥሩ መዓዛ ያላቸው ቅጠሎች

ጣርማ በር፣ አንኮበርና መንዝ አካባቢ ጦስኝ እንደ ልብ ነው። ለሻይ ከምንገዛው አንድ ሁለት ቀንበጥ ለጥንቸል ቢሰጥ ደስ ይላታል፣ ስኳር የለውም፣ የመሰልቸትም መፍትሔ ነው። በሶብላና የድንብላል ለጋ ቅጠልም እንዲሁ። መዓዛቸው ኃይለኛ ስለሆነ ቁንጥር ይበቃል። ጤና አዳም ግን ከእነዚህ ጋር አይደመር። ለቡና የምናደርገው ቅጠል ለእነዚህ እንስሳት ሆድና ቆዳ ጥሩ አይደለም።

የጓሮ አትክልት

ጎመን በፋይበር ጥሩ ነው፣ ቫይታሚን ሲም አለው፤ ካልሲየምም ይበዛበታል። ጥንቸል ግን የምትበላውን ካልሲየም በብዛት ወደ ደሟ ታስገባና ትርፉን በሽንቷ ታስወጣለች። ጎመን በየቀኑ ሲሆን ሽንቷ እንደ ኖራ ይነጣል፣ ይወፍራል፣ ፊኛዋ ውስጥ ይዘቅጣል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አንድ ቅጠል በቂ ነው። አልፋልፋ (ለከብት መኖ የሚዘራው ተክል) ላይም ይሄው ነው። ዕድሜዋ ከስድስት ወር በታች ላለ ለምታድግ ጥንቸል ጥሩ ነው፤ ለአዋቂዋ ግን አልፎ አልፎ ጥቂት ግንድ ብቻ። በወተት ላም ዙሪያ አልፋልፋ የሚያመርት ጎረቤት ያላችሁ ይሄን ያዙ።

ቆስጣና የቀይ ሥር ቅጠል ኦክሳሌት (ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ጠጠር ሊሠራ የሚችል ንጥረ ነገር) ስለሚበዛባቸው ይቀነሱ። ቀይ ሥር ሽንት ያቀላልና ደም መስሏችሁ አትደንግጡ። ጥቅል ጎመን አንዳንዷን ይነፋታል። ሰላጣ ደህና ነው፤ ቅጠሉ በጠቆረ ቁጥር ይሻላል።

ካሮት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሥሩ በ100 ግራም 5 ግራም ገደማ ስኳር አለው። መርዝ አይደለም፣ ግን ጣፋጭ ነው፤ ለጥንቸል በቀን ከአንድ ስስ ክብ አይለፍ። ትክክለኛው መክሰስ ገበያ ላይ ተቆርጦ የሚጣለው ቅጠሉ ነው። አትክልት የምትሸጠዋን እናት «ቅጠሉን አትቁረጪብኝ» በሏት፤ ከሌላው የተቆረጠውንም ትጨምርላችኋለች።

ለጊኒ ፒግ የፈረንጅ ቃሪያ ከሁሉ ይበልጣል። ቀዩ በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን በእጥፍ ይልቃል፣ ስኳሩም አነስተኛ ነው። አንድ ቁራጭ በየቀኑ ይሰጣት። የሚያቃጥለው ቃሪያ አይሆንም።

በጾም ወቅት ቤት ውስጥ የአትክልት ትርፍራፊ ይበዛል። ሳይበስል የቀረውን የጎመን ግንድና የካሮት ቅጠል ለዩላቸው። ዘይት፣ ጨው፣ በርበሬ ወይም ሽንኩርት የነካው ግን ለሦስቱም አይሆንም።

ፍራፍሬ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ የተመለሰ ሰው ማንጎና ፓፓያ ይዞ ይመጣል። ለእኛ ጥሩ ነው። ለጥንቸል ግን የፍራፍሬ ምርጫ የስኳር ምርጫ ነው። በ100 ግራም ስንለካ ፓፓያ 8፣ ፖም 10፣ ሙዝ 12፣ ማንጎ 14 ግራም ገደማ ስኳር አላቸው። ቴምር ከ60 ያልፋል። ሸንኮራ አገዳን ከእነዚህ ጋር ማወዳደርም አያስፈልግም፤ ይቅር።

ከመረጣችሁ ፓፓያ ወይም ፖም ይሻላል። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ። የፖሙን ዘር አውጡ። ፓፓያ ጥንቸል የዋጠችውን ጸጉር ያሟሟል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ለእሱ መድኃኒቱ ሣርና ውኃ ነው። ሙዝን መድኃኒት ለማዋጥ ካልሆነ በቀር አልመክርም።

ዘይቱን ግን ለጊኒ ፒግ ልዩ ቦታ አለው። በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን አራት እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ አውጥታችሁ ሥጋውን በትንሹ ስጡ።

አቮካዶ በፍጹም አይሰጥ። ሥጋው፣ ቅጠሉም ሆነ ልጣጩ ለእነዚህ እንስሳት መርዝ ሊሆን ይችላል። ጁስ ቤት አካባቢ የተጣለ የአቮካዶ ልጣጭ ለጥንቸል የሚወስዱ ልጆች ካሉ ንገሯቸው።

ቆሎ፣ ዳቦ፣ ፉርሽካ

ስለ እህሉ ስናገር ሰው ቅር ይለዋል። ገብስ የመንዝና የደብረ ብርሃን ኩራት ነው፤ ቆሎ ደግሞ የእንግዳ አክብሮት። ለጥንቸል ግን ቆሎ ስታርች ነው። የሽምብራና የኦቾሎኒ ድብልቅ ከሆነ ቅባቱም ይጨመራል። አንድ እፍኝ ቆሎ የበላች ትንሽ ጥንቸል በማግስቱ ፍግዋ ሊለሰልስ፣ ሆዷ ሊነፋ ይችላል። ዳቦ፣ ብስኩት፣ የእንጀራ ድርቆሽና ንፍሮም ከዚሁ ወገን ናቸው። ጥሬ የሽምብራና የባቄላ እሸትም ለሦስቱም አይሆንም።

ፉርሽካ ብዙ ቤት በየቀኑ ይሰጣል፤ ርካሽ ነው፣ ጥንቸሏም ትወደዋለች። በፎስፈረስ የበለጸገ ነው፣ ካልሲየሙ ግን ትንሽ ነው፤ ስታርችም አለው። ለመክሰስ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ። የጠላ አተላ ለበሬው ይሁን።

ሀምስተር ጋ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ጨውም ቅቤም ያልነካው የገብስ ቆሎ ሁለት ሦስት ፍሬ ለእሱ ጥሩ መክሰስ ነው። አንድ የሱፍ ፍሬ፣ ቁንጥር ተልባ፣ የተቀቀለ እንቁላል ነጩ የምስር ፍሬ ያህል፣ ሁሉም ይሆናሉ። ብርቱካንና ሎሚ፣ ጉንጩ ውስጥ የሚጣበቅ ነገርም አይሰጠው። ድንክዬዎቹ ሀምስተሮች ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ስለሆኑ ለእነሱ ፍራፍሬ ይቅርባቸው።

ፓኬቱ

በፓኬት የሚመጣው መክሰስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የተጨመቀ ሣር ወይም የደረቀ ቅጠል ነው፤ እሱ ደህና ነው። ሌላው በማር ወይም በሞላሰስ የተጣበቀ የእህል ዱላና ባለ ቀለም የእርጎ ጠብታ ነው። ወተት ለጥንቸል ሆድ አልተፈጠረም። ፓኬቱን ገልብጡና የይዘት ዝርዝሩን አንብቡ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት መካከል ስኳር፣ ማር፣ በቆሎ ወይም ወተት ካያችሁ ለጥንቸልና ለጊኒ ፒግ አትግዙ። ሽፋኑ ላይ የጥንቸል ሥዕል መኖሩ ምንም ማረጋገጫ አይደለም።

ለማኘክ የሚሆን እንጨት

ወንዝ ዳር የሚበቅለው አሃያ ቀጭን ቅርንጫፉ ለሦስቱም ጥሩ ነው። የፖም ዛፍ ያለው ካለም ቅርንጫፉ ይሆናል። ባህር ዛፍ፣ ጥድና ኮክ አይሆኑም።

በአጭሩ ሲነጻጸር

| አማራጭ | ፋይበር | ስኳርና ስታርች | ለጥንቸል | ለጊኒ ፒግ | ለሀምስተር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ለጋ ሣር፣ የአጃ ቅጠል | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | በየቀኑ | በየቀኑ | ትንሽ | በነጻ |
| ጦስኝ፣ በሶብላ | መካከለኛ | የለም ማለት ይቻላል | ቁንጥር | ቁንጥር | በጣም ትንሽ | አነስተኛ |
| የካሮት ቅጠል | ጥሩ | ዝቅተኛ | በሳምንት 3 ጊዜ | በሳምንት 3 ጊዜ | ትንሽ | በነጻ ገደማ |
| የካሮት ሥር | መካከለኛ | መካከለኛ | አንድ ስስ ክብ | አንድ ስስ ክብ | ትንሽ ኩብ | አነስተኛ |
| ጎመን | ጥሩ | ዝቅተኛ | በሳምንት 2–3 ቅጠል | በሳምንት 2–3 ቅጠል | ትንሽ | አነስተኛ |
| የፈረንጅ ቃሪያ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | አልፎ አልፎ | በየቀኑ ቁራጭ | ትንሽ | መካከለኛ |
| ፓፓያ፣ ፖም | አነስተኛ | ከፍ ያለ | በሳምንት 2 ጊዜ | በሳምንት 2 ጊዜ | ጥቂት (ለድንክዬ አይሰጥም) | መካከለኛ |
| ቆሎ | አነስተኛ | ከፍተኛ | አይሰጥ | አይሰጥ | 2–3 ፍሬ | አነስተኛ |
| ዳቦ፣ ብስኩት | አነስተኛ | ከፍተኛ | አይሰጥ | አይሰጥ | አይመከርም | አነስተኛ |
| የእርጎ ጠብታ፣ የማር ዱላ | አነስተኛ | በጣም ከፍተኛ | አይሰጥ | አይሰጥ | አይሰጥ | ከፍተኛ |
| አቮካዶ | – | – | መርዝ | መርዝ | መርዝ | – |

እንደ ቤታችሁ ሁኔታ

ምንም ማውጣት ካልፈለጋችሁ፣ ለጥንቸል ሣርና የካሮት ቅጠል ይበቃሉ። ምንም አልጎደለባችሁም።

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩና ሣር ለማትደርሱ፣ ድርቆሽ በጆንያ ግዙ። በረንዳ ላይ ደግሞ በሰፊ ሳፋ ገብስ ወይም አጃ ዝሩ። ቁመቱ አንድ ጣት ሲያልፍ በመቀስ ቆርጣችሁ መስጠት ነው። ሻጋታ እንዳይዘው ውኃ አታብዙ።

ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ጥሩው ዘዴ መክሰሱን ጠዋት አንድ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነው። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ብቻ ይሰጣሉ። ሲያልቅ አለቀ። እያንዳንዱ ልጅ ከየኪሱ ሲሰጥ ማን ምን ያህል እንደሰጠ አይታወቅም።

በቆላው፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ላላችሁ ፈተናው ፍራፍሬው ርካሽ መሆኑ ነው። ስለተረፈ አትስጡ። ከመስኖ እርሻ የመጣውን አትክልት በደንብ እጠቡት፤ ርጭት አይጠፋምና።

የወፈረች ጥንቸል ካለቻችሁ ፍራፍሬና ካሮት ሙሉ በሙሉ ይቁሙ፤ ጦስኝና የሣር ጫፍ ይተኩ። ዕድሜዋ ሦስት ወር ያልሞላት ከሆነ ከሣርና ከድርቆሽ ውጪ አትቸኩሉ። ለማንኛዋም ቢሆን አዲስ ነገር አንድ በአንድ ይጀመር። ትንሽ ሰጥታችሁ ሁለት ቀን ፍግዋን ተመልከቱ። ጤነኛ ፍግ ክብ፣ ደረቅና እኩል መጠን ያለው ነው፤ ስትፈረክሱት ውስጡ የደቀቀ ሣር ይመስላል። ካነሰ፣ ከተያያዘ ወይም ከለሰለሰ አዲሱን ነገር አቁሙ።

ጥንቸል ወይም ጊኒ ፒግ ግማሽ ቀን ሙሉ ካልበላች ወይም ፍግ ካላወጣች ነገ እናያለን አይባልም። በዚያው ዕለት ሐኪም ይያት። በአካባቢያችን ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች በብዛት የሚያክሙት ከብትና በግ ስለሆነ የበላችውን ቅጠል ወይም ፓኬት ከፍግዋ ጋር ይዛችሁ ሂዱ። መድኃኒት ከታዘዘላት አንድ ነገር አስታውሱ፤ በአፍ የሚሰጥ አሞክሲሲሊንና ሌላው የፔኒሲሊን ወገን ለጥንቸል፣ ለጊኒ ፒግም ሆነ ለሀምስተር ሆዳቸው ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ስለሚፈጅ ሊገድላቸው ይችላል። ከቤት የተረፈ የሰው አንቲባዮቲክ በራሳችሁ አትስጡ፤ ሐኪሙንም ለጥንቸል የሚሆን ሌላ አማራጭ ጠይቁት።